ከሶፊያ መልስ

ሉሊት በዚያች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለብሳ ያላወለቀችው ልብስ አልነበረም። ቢጫውን ለበሰችና ተወችው። ሰማያዊውን ለበሰችና «ይኼማ ሥራ የምገባ ያስመስለኛል» ብላ አልጋው ላይ ወረወረችው። መጨረሻ ላይ አዲሱን ነጭ ቀሚስ መረጠች። የአጎቷ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ በሩን ተደግፈው ሲያዩዋት ቆይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ፎቶ ልታዪ ነው የምትሄጂው ወይስ ልትነሺ?» አሏት። ሉሊት ሳቀች። ደስ ብሏታላ፣ ምን ታድርግ! ጥሩሰው ካውሮፓ ከተመለሰ ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ዛሬ ልታየው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ሉሊት በሱዳን በኩል ወጥታ አትላንታ የገባች ስደተኛ ናት። ሥራዋ ሽማግሌና አሮጊት የሚጦርበት ቤት ውስጥ ነው፤ የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ስኮትዴል፣ ካጎቷ ካቶ ገሠሠ ጋር ነው። አቶ ገሠሠ ባገራቸው የአውራጃ ገዥ ነበሩ። እዚህ መሐል ከተማ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። ታዲያ ክራባታቸውን ሳያስሩ ሥራ አይገቡም፤ ቤታቸው ሲገቡም አውራጃው አሁንም በእጃቸው ያለ ይመስላቸዋል። ጥሩሰው ደግሞ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮንየርስ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ሁለቱ የተያዩት ምእመናኑ ከፈረንጅ በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ ነው። እሱ በሩን ይዞላት ቆመ፤ እሷ ሳታመሰግነው አለፈችና ደረጃው ላይ ዞር አለች። እሱም ዞር ብላ እስክታየው ድረስ በሩን አለቀቀውም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗ ሌላ ሰው ላይ አላረፈም።

ፋሲካ እንዳለፈ ጥሩሰው ሽማግሌ እልካለሁ አለ። በዚያ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ዘመን አትላንታ ውስጥ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ያበሻው ሁሉ ገና ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ የሆኑት ጓደኞቹ ናቸው፤ አብሮት የሚኖረው ባለታክሲው ወንዳፍራሽና ዳንኤል። ሦስት መሆን ነበረባቸው፣ ሦስተኛው ግን የሥራ ሺፍቱ አልቀየር ብሎት ቀረ። ሁለቱ የተውሶ ክራባት አስረው መጡ። አቶ ገሠሠም እንደ ወጉ በር ላይ አቁመው «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። «አባቱ ምን ይሠሩ ነበር?» አሉ። ያም ተነገራቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጃችን ገና ናት። ለዛሬ የምንሰጣችሁ መልስ የለንም» አሉ።

ደርዙን የሚያውቅ ሽማግሌ ቢሆን እዚያች ላይ ነው ሥራው የሚጀምረው። ይለምናል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ ቀጠሮ ካልተሰጠን አንሄድም ይላል፤ ለሁለተኛም ለሦስተኛም ይመላለሳል። በመጀመሪያው ቀን ልጁን እንካችሁ የሚል የደህና ቤት ሰው የለም። እነዚያ ግን «እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። አቶ ገሠሠ በሩን ዘግተው፣ «ቀጠሮ እንኳ አይጠይቁም? ምን ዓይነት ሽማግሌዎች ናቸው» እያሉ ሳቁ። «ይመጣሉ፣ ይመጣሉ» አሉ ደግሞ። ሉሊት ወጥ ቤት ሆና አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ነበር። ውድ መሆን ደስ ይላል፤ ማን ይጠላል።

በማግስቱ ጥሩሰው ሥራ ቦታዋ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ባልደረባዋ ትዕግስት ናት። ሉሊት በእጇ ምልክት ሰጠቻት፤ «የለችም በይው፣ በሽተኛ ይዛለች በይው።» ትንሽ ይናፍቅ ብላ ነው፤ ሳቋን ግን መያዝ አልቻለችም። ነገሩ በሽማግሌ እስኪያልቅ መተያየቱም ነውር ነው ብለዋታል እትዬ ብዙነሽ። እሱም ደግሞ አልደወለም። ከዚያ ወሬው መጣ፦ ጥሩሰው፣ ዳንኤልና ወንዳፍራሽ ለሁለት ሳምንት ግሪክ፣ ዩጎዝላቪያና ቡልጋሪያ ሊዞሩ ሄዱ። የዳንኤል እህት አበዛሽ ሶፊያ ትማራለች፤ ከተለያዩ ዓመታት አልፈዋል፣ እሷን ለማየት ነው ተባለ። እትዬ ብዙነሽ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ለጥሎሽ ነው። አቴና ወርቅ ሞልቷል አሉ» አሉ። ሉሊት ይህን ከሰማች በኋላ ሥራ ቦታዋ ላይ እንኳ እየዘፈነች ነበር የምትገፋው ጋሪውን።

* * *

ሉሊትና ትዕግስት ዶራቪል የወንዳፍራሽና የጥሩሰው አፓርትመንት ሲደርሱ ሳሎኑ ሰው ሞልቶበታል። መጋረጃው ተዘግቶ አንሶላ ግድግዳው ላይ ተወጥሯል፤ ወንዳፍራሽ የተከራየውን የስላይድ ማሳያ ይጎረጉራል። ትዕግስት ቀድማ ገባች፤ ሉሊት ከኋላዋ። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ሉሊት ጸጥታውን ለሙሽራ የተሰጠ ክብር አደረገችውና አንገቷን ሰበር አድርጋ ተቀመጠች። አይ ሉሊት!

ጥሩሰው ጥግ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ነበር። ዓይኗን ወረወረችለት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። አፍሮ ነው አለች በሆዷ።

«ይኼ አቴና ነው» ብሎ ወንዳፍራሽ ጀመረ። «ቀኑን ሙሉ ፍርስራሽ ስንወጣ ስንወርድ ዋልን። ዳንኤል ለፈረሰ ቤት መግቢያ አልከፍልም ብሎ በር ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ ጠበቀን። ይኼ ደግሞ ተሰሎንቄ ነው። ጳውሎስ መልእክት የጻፈላቸው እነዚህ ናቸው፣ ሲያመናጭቁን ግን የደረሳቸው አይመስሉም።» ሰው ሳቀ። «ይኼ ስኮፕዬ ነው፣ ዩጎዝላቪያ። የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሰውን ባቡር ጣቢያ ከነቆመው ሰዓቱ ትተውታል። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ሻማ አበራን። ለካ ላይኛው ማብሪያ ለሕያዋን፣ ታችኛው አሸዋ ለሙታን ነው። ይኼ ጥሩሰው ሄዶ ታች ተከለው። አንዲት አሮጊት በቋንቋቸው ስትጮህበት ነው የገባን። ከፍ አድርገው ስንለው እምቢ አለ።»

ሁሉም ዞሮ ጥሩሰውን አየ። እሱ ፈገግ አላለም። ሉሊት ስላይዶቹን በጥንቃቄ ታይ ነበርና አንድ ነገር አስተውላለች፤ ከአቴና እስከ ስኮፕዬ ባንዱም ፎቶ ላይ አልሳቀም። ጓደኞቹ ባሕር ዳር ጥርሳቸውን ሲያሳዩ እሱ ጎን ለጎን ቆሞ ሌላ ቦታ ያያል። እኔን ናፍቆ ነው ብላ ሆዷ ባባ።

«ይኼ የቡልጋሪያ ጠረፍ ነው። አንዱ ወታደር ካሴቴን ወስዶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶ መለሰልኝ፤ ባቡሩ እሱን ጠብቆ ቆመ። ይኼ ደግሞ ሶፊያ ነው፤ ቢጫ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ። ይቺ አበዛሽ ናት።»

አበዛሽ ቀጠን ያለች፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች ልጅ ናት፤ መጽሐፍ ደረቷ ላይ ታቅፋለች። በሚቀጥለው ፎቶ ከጥሩሰው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። በሚቀጥለው አይስክሬም ይበላሉ። በሚቀጥለው ጥሩሰው ይስቃል። ሉሊት ያንን ሳቅ ታውቀዋለች፤ ለእሷ ብቻ የሚስቀው ነበር የሚመስላት። ትዕግስት እጇን ያዝ አደረገቻት።

ከዚያ አንድ ደረጃ ታየ። የማዘጋጃ ቤት ደረጃ ነው። አበዛሽ ቀይ አበባ ይዛለች። ጥሩሰው ሱፍ ለብሶ ክንዷን ይዟል።

«ይኼን እንለፈው» አለ ወንዳፍራሽ፤ ቁልፉን ተጫነው። ማሽኑ ተያዘ። ደግሞ ተጫነው፤ እምቢ አለ።

ዳንኤል ከጓዳ ቢራ ይዞ እየመጣ ነበር። ማን እንደተቀመጠ ጨለማው ውስጥ አላየም። «ለምን ታልፈዋለህ? ይኼንን ነው ሰው ማየት ያለበት» አለ። «እህቴ በዚህ ክረምት ትምህርቷን ስትጨርስ ደርጎች ወዳገር ቤት ሊመልሷት ነበር። ወንድሟ አሜሪካ የከዳ ነው ብለው ቦሌ ላይ ነው የሚጠብቋት። እኔ እህቴ ናት ብዬ እስካመጣት ስንት ዓመት ነው! ባል ግን ሚስቱን ቶሎ ያመጣል። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘው ደግሞ ከመካከላችን እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ማታ ከሥራ መጥቶ ወረቀቱን አዘጋጅ፣ እኔ አገባታለሁ አለኝ። እኔ ይኼን ውለታ በምን እከፍለዋለሁ?»

ዳንኤል ያን ጊዜ ነጩን ቀሚስ አየ። ሉሊት ተነሳች፤ የሰው እግር እየተሻገረች ወደ በሩ ሄደች። አላለቀሰችም። ሰው ፊት ራቁቷን የተቀመጠች ያህል ግን አፈረች።

* * *

መኪናዋ ጋ ከመድረሷ በፊት ጥሩሰው ደረሰባት። የቡፎርድ ሃይዌይ መኪና እየተንጫጫ ያልፋል፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው።

«ሉሊት፣ ስሚኝ።»

«ወረቀት ብቻ ነው በለኝና ልስማህ።»

«ሲጀመር ወረቀት ነበር» አለ።

ሉሊት የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። «እኔ እኮ ሽማግሌዎችህ ተመልሰው እስኪመጡ ስጠብቅ ነበር» አለች።

«ተመልሰው? እምቢ ተባሉ እኮ።»

«በመጀመሪያ ቀን እሺ ይባላል እንዴ? ወግ ነው! ጋሼ ሱፋቸውን አሳጥበው ነው የሚጠብቁት። እትዬ ብዙነሽ ለጥሎሽ ነው የሄደው ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ነግረዋል። እኔም አምኜ…»

ጥሩሰው የመኪናዋን አፍንጫ ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ልጅ ሆኜ» አለ፣ «አባቴ የሠራውን ጥበብ ሊያስረክብ ትልልቅ ቤት ሲሄድ ይዞኝ ይሄድ ነበር። በር ላይ ያቆሙናል። ጠብቅ ይሉታል። ፀሐዩ ላይ ስንቆም እንውላለን። አንድ ቀን እንኳ ግቡ ብለውን አያውቁም። ወንዳፍራሽ መጥቶ በር ላይ አቆሙን፣ የማን ልጅ ነው አሉን፣ አባቱ ምን ይሠራ ነበር አሉን፣ መልስ የለንም አሉን ሲለኝ፣ እኔ ይኼ ወግ ነው ብዬ በምኔ ልወቅ? እኛን እንደዚያ ሲያደርጉን የኖሩት ከልባቸው ነው፣ ሉሊት።»

«ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?»

«ደወልኩልሽ።»

«ጥሩሰው…»

«በሽተኛ ይዛለች ተባልኩ። ከኋላ ስትስቂ ይሰማኝ ነበር።»

ሉሊት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልትምልለት ፈለገች፤ እንድትናፍቀኝ ብዬ ነው፣ ካንተ ጋር ስለምኖርበት ቤት እያሰብኩ ነው የሳቅሁት ልትለው ፈለገች። እውነት ነው። እውነት መሆኑ ምን ይጠቅማል? ይኼ ሰው ያን ሳቅ ሰምቶ ስልኩን ዘግቶ፣ ያንኑ ማታ ዳንኤል ዘንድ ሄዶ ወረቀቱን አዘጋጅ ብሏል። ራሷን ጠላች። እሱንም ጠላችው፤ ለምን ሁለተኛ አልደወለም? አንድ ጊዜ ብቻ ይደወላል ለምትወዳት ሴት?

«ትወዳታለህ?» አለችው።

«አላውቅም።»

«ታውቃለህ።»

ጥሩሰው ጫማውን አየ። «አባቴ ሸማኔ ነው ስላት፣ ምን ዓይነት ጥለት ይሠሩ ነበር አለችኝ። በሕይወቴ ይኼንን የጠየቀኝ ሰው የለም። ቁጭ ብዬ ነገርኳት፤ መሸብን።» ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ግን አንቺን እያየሁ ልዋሽ አልችልም። ሻማውን ታች የተከልኩት ላንቺ ነው፤ ሞታለች ብዬ እንድተውሽ። አልተውኩሽም። አሁን በዪኝ። አንድ ቃል በዪኝና ዛሬውኑ ለዳንኤል እነግረዋለሁ፣ ወረቀቱ ይቀደድ። እቤት ነኝ፣ ከስልኩ አጠገብ አልነሳም። አንቺ ባትደውዪ ከናንተ ቤት አንድ ሰው ይደውልልኝ። አጎትሽ እሺ ይበሉኝ፣ በቃ።»

«እሷስ?»

ሉሊት በሩን ከፍታ ገባች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እንድታየው የጠበቀ ይመስላል፤ መስታወቱ ላይ እጁን አሳረፈ። እሷ መስታወቱን አላወረደችም፤ ብታወርደው «ተዋት» እንደምትለው አውቃለች። ሞተሩን አስነስታ ወጣች፤ እስከ ስኮትዴል ድረስ ባንድ ጊዜ ትወደዋለች፣ ትረግመዋለች።

* * *

አቶ ገሠሠ ሳሎን ተቀምጠዋል። ጥቁር ሱፋቸው ከልብስ እጥበት መጥቶ ከነላስቲኩ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። እትዬ ብዙነሽ ገና በሩ ሳይዘጋ፣ «እህስ፣ ወርቁን አሳየሽ?» አሉ።

ሉሊት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ተያት፣ ትረፍ» አሉ አቶ ገሠሠ። ደስ ደስ ብሏቸዋል። «እኔ ያሰብኩት በሦስተኛው እሺ ልላቸው ነበር። ብዙነሽ ግን ልጁን አታጉላላው አለችኝ። እንግዲያው በሁለተኛው እሺ እላለሁ። ስለ ልጁ አጠያይቄያለሁ። ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው አሉኝ። ያባቱ ነገር ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ኋላ ሳስበው ሳቄ መጣ። እኔ ራሴ የሰው መኪና ሳቆም ነው የምውለው። መቼ ይመጣሉ አሉሽ?»

«አይመጡም፣ ጋሼ።»

«ማን ከለከላቸው?»

«እኛ።»

አልገባቸውም። ሉሊት ነገረቻቸው። ድምጿን ሳታነሳ፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ የሶፊያውን ማዘጋጃ ቤት፣ ሸማኔውና ልጁ የቆሙበትን በር፣ የራሷን ሳቅ። ያላነሳችው የአበዛሽን አደጋ ብቻ ነው፤ ያቺ ልጅ ብትመለስ ምን እንደሚገጥማት አልተናገረችም። እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

አቶ ገሠሠ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ወግ ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ንቀት አልነበረም። እናቴም ለአባቴ የተሰጠችው ባራተኛው ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«እሱ አያውቅም?»

«በር ላይ ሲቆም ያደገ ሰው ነው። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

አቶ ገሠሠ ተነሱ። ወደ ስልኩ ሄዱ። በሕይወታቸው ሙሉ የሴት ወገን ለወንድ ሲደውል አላዩም፤ የሰሙ እንደሆነም ተጸይፈው ነው። መነጽራቸውን አጠለቁና የስልኩን እጀታ አነሱ።

«ማዘጋጃ ቤት የፈረመ ቤተ ክርስቲያን አልቆረበም» አሉ። «እኔው እነግረዋለሁ። ልጄ ሆይ፣ አጥፍቻለሁ፣ ልጄን ሰጥቼሃለሁ እለዋለሁ። ይኼን ሰምቶ የሚጨክን አይመስለኝም።»

ሉሊትም አልመሰላትም። አንድ ጊዜ ሳይጠራ እንደሚያነሳው ታውቃለች። ይኼኔ ወንበሩን ስልኩ አጠገብ ስቦ ተቀምጧል። ነገ ቅዳሴ ላይ አብረው ይቆማሉ፣ ከመስከረም በፊት ሠርጋቸው ይሆናል፣ የፈለገችው ሁሉ ይሆናል። ሶፊያ ውስጥ ደግሞ አንዲት ልጅ መጽሐፏን ታቅፋ ባሌ ወረቀቴን ይልክልኛል ብላ ትጠብቃለች። ከዚያ አንድ ቀን አውሮፕላን ላይ ያስቀምጧታል። ሉሊት ይቺን ልጅ ልትጠላት ሞከረች። ያን የጥለት ጥያቄ ማን ጠይቂ አላት? እኔ ሁለት ዓመት አብሬው ስውል ለምን አልጠየቅሁትም?

«ቁጥሩን በዪኝ» አሉ አቶ ገሠሠ ጣታቸውን ስልኩ ላይ አድርገው።

ሉሊት ቁጥሩን ስሟን የምታውቀውን ያህል ታውቀዋለች።

«ጠፍቶብኛል፣ ጋሼ» አለቻቸው።